መጀመሪያ ስብሰባ፣ ከዚያ ክስ

ጎጃም ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ታሰረ የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አደረገ?» ብሎ አይደለም። «ከማን ተጣላ?» ይላል። ደብረ ማርቆስ ቡና ቤት ውስጥም፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ላይም፣ ባሕር ዳር ቢሮ ውስጥም ጥያቄው አንድ ነው። የፍትሕ አካላት ሹማምንት ይህን ሲሰሙ ይከፋቸዋል፤ ሕዝቡ ሕግ አያውቅም፣ ሁሉን ነገር ፖለቲካ ያደርጋል ይላሉ። እኔ ደግሞ ሕዝቡ የሚጠይቀው ዕድሜ ያስተማረውን ነው ባይ ነኝ። የታሰሩ ባለሥልጣናትን ታሪክ ሲከታተል ለኖረ ሰው፣ ከክስ ማመልከቻው ይልቅ የፓርቲው ስብሰባ የተካሄደበት ቀን ብዙ ይነግረዋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይለይ። «ክሱ ፖለቲካዊ ነው» ማለት «ተከሳሹ ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። ሰው ሰርቆም በፖለቲካ ሊከሰስ ይችላል። አብረውት የሰረቁት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እሱ ብቻ ከተለቀመ፣ ስርቆቱ እውነት ነው፤ አድልዎውም እውነት ነው። ባለሥልጣን ሲከሰስ ደጋፊው «ንጹሕ ነው» ይላል፣ ተቃዋሚው «ሌባ ነው» ይላል፤ ሁለቱም ወገን የማይነካው ጥያቄ ግን ከብዙዎቹ መካከል እሱ ለምን ተመረጠ፣ ለምንስ ዛሬ ሆነ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ወረቀት በማንኛውም መዝገባችን ውስጥ የለም። ጠቡ ሁሉ ከዚህ ክፍተት ይመነጫል።

ቅርብና ግልጽ ከሆነው ልጀምር። አቶ በረከት ስምዖን ከኢሕአዴግ ዋና ዋና ሰዎች አንዱ ነበሩ። በነሐሴ 2010 ብአዴን (የኢሕአዴግ የአማራ ክልል ፓርቲ) እሳቸውንና አቶ ታደሰ ካሣን ከጥረት ኮርፖሬት ጋር በተያያዘ ጉዳይ ከማዕከላዊ ኮሚቴ አባልነት አገደ። በዚያው ክረምት ደብረ ማርቆስ ውስጥ «በረከት እዚህ ሆቴል ገብቷል» የሚል ወሬ ተነሥቶ ወጣቶች ሆቴል ከበቡ፤ ንብረት ወደመ። በጥር 2011 ሁለቱ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ተይዘው ወደ ባሕር ዳር ተወሰዱ። በ2012 ፍርድ ቤቱ በሙስና ጥፋተኛ ናችሁ ብሎ በአቶ በረከት ላይ የ6፣ በአቶ ታደሰ ላይ የ8 ዓመት እስራት ፈረደ። ልብ ይሏል፦ ስብሰባውም፣ መንጋውም፣ ፖሊሱም ቀደሙ፤ ፍርድ ቤቱ የመጣው በመጨረሻ ነው።

ፍርዱን እዚህ ላይ ልሽር አልተነሣሁም። ምስክር ተሰምቶ፣ ሰነድ ታይቶ የተሰጠ ውሳኔ ነው። ግን የጥረት ሒሳብ በ2010 ክረምት ድንገት የበቀለ አልነበረም። ኮርፖሬቱ ለዓመታት የገዢው ፓርቲ ክንድ ሆኖ ሲነግድ፣ ፋብሪካ ሲያቋቁም፣ አክሲዮን ሲገዛና ሲሸጥ ዐቃቤ ሕግ የሚባል መሥሪያ ቤት ባሕር ዳር ላይ ነበር። ሠራተኛ ነበረው፣ በጀት ነበረው። አይቶ ዝም አለ፤ ወይም እንዳያይ ሆኖ ተቀመጠ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል በእኛ ዘመን የተለወጠው በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ንጉሥ እስከ ወረደበት ቀን ድረስ አይከሰስም። ከወረደ በኋላ ደግሞ የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል።

ያኔ ጎጃም ውስጥ የነበረውን ደስታ የምናስታውስ ብዙ ነን። ተከሳሾቹ ጠበቃ ለማግኘት መቸገራቸውን ሲናገሩ ከንፈር የመጠጠ ሰው እምብዛም አልነበረም። «እነሱ ስንቱን አስረው የለ?» ነበር መልሱ። አዎ፣ አስረዋል። በ1997 ምርጫ ማግሥት የተቃዋሚውን የቅንጅት ፓርቲ መሪዎች ሰብስቦ ሕገ መንግሥቱን በኃይል ለመናድ ሞክራችኋል፣ ከዚያም አልፎ የዘር ማጥፋት ሙከራ አድርጋችኋል ብሎ የከሰሰው መንግሥት ግንባር ቀደም አፈ ቀላጤ አቶ በረከት ነበሩ። ነገር ግን የተጠላ ሰው ጠበቃ ሲያጣ ዝም ያለ ከተማ፣ የወደደው ሰው ጠበቃ ባጣ ጊዜ በምን አፉ ይጮኻል? ሕግ የሚፈተነው በምንወደው ሰው ጉዳይ አይደለም።

ፈተናውም አልዘገየም። የአዴፓ (ብአዴን ስሙን ሲለውጥ የተጠራበት ነው) ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት አቶ ምግባሩ ከበደ በ2011 የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተሾሙ። ከፓርቲ ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ወደ ዐቃቤ ሕግ ወንበር ማለት ነው። ይህን የማነሣው ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፤ ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ ከዶክተር አምባቸው መኮንንና ከአቶ እዘዝ ዋሴ ጋር በጥይት የተገደሉ ሰው ናቸው። የማነሣው መንገዱ እንዴት አጭር እንደሆነ ለማሳየት ነው። በአዴፓ ዘመን ያንኑ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት የመሩት ሌላው ሰው አቶ ዮሐንስ ቧያለው ደግሞ በነሐሴ 2015 እስረኛ ሆኑ። በአንድ ቢሮ በር የወጡ ሰዎች፣ አንደኛው ከሳሽ፣ ሌላኛው ተከሳሽ።

ነሐሴ 2015 ላይ ትንሽ ልቆይ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የተከሰተውን ግጭት ተከትሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለ፣ የአማራ ክልል ምክር ቤት አባሉ አቶ ዮሐንስ ቧያለውና የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት አባሉ ዶክተር ካሣ ተሻገር ታሰሩ። አቶ ክርስቲያን በምክር ቤቱ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚባክነውን ገንዘብ በአደባባይ የሚጠይቁ ሰው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ አይከሰስም ይላል። ሰዎቹ ግን መጀመሪያ ታሰሩ፤ አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ድረስ ተወስደው ተቀመጡ። ያለመከሰስ መብት ጉዳይ የተነሣው ከወራት በኋላ ነው። የሽብር ክሱም የመጣው ዘግይቶ ነው።

ክሱ ውስጥ ስላለው ፍሬ ነገር አልፈርድም፤ እሱ የዳኛ ሥራ ነው። ሂደቱ ግን በአደባባይ የታየ ስለሆነ ለመናገር ዳኛ መሆን አያስፈልግም። በር ከተሰበረ በኋላ ቁልፍ ቢመጣ ምን ይረባል? ምክር ቤቱ የራሱ አባል ከታሰረ በኋላ ያለመከሰስ መብቱን ሲያነሣ የሚሰጠው ፈቃድ አይደለም፤ ደረሰኝ ነው።

አስቸኳይ ጊዜ ነበር፣ አገር ልትፈርስ ነበር የሚሉ አሉ። ይህን መከራከሪያ ቀለል አድርጌ አላየውም፤ ጎጃም ውስጥ ያኔ ጥይት ይተኮስ ነበር። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎችም ይህን አስበውበታል። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ የትኞቹ መብቶች ሊታገዱ እንደሚችሉ ሲናገር፣ ፈጽሞ የማይነኩትንም በስም ጠርቷል። ከማይነኩት አንዱ አንቀጽ 25 ነው፤ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው የሚለው። ማለትም ታንክ መንገድ ላይ ባለበት ቀን እንኳን ለምን እሱ ተያዘ፣ ለምን ያኛው ቀረ ብሎ የመጠየቅ መብት አልታገደም።

ነገሩን የጎጃም ወይም የአማራ ብቻ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ደግሞ ሌላ ስሕተት ይሠራሉ። አቶ ታዬ ደንደኣ የሰላም ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ ነበሩ፤ የገዢው ፓርቲ ሰው፣ የኦሮሞ ፖለቲከኛ። መንግሥትን በአደባባይ ተቹ። ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ከሥልጣናቸው መነሣታቸው ተሰማ፤ በማግሥቱ ታሰሩ። ከጸረ ሰላም ኃይሎች ጋር ሠርተዋል፣ ቤታቸው ውስጥ መሣሪያ ተገኝቷል ተባለ። እሺ ይሁን። ሚኒስትር ዴኤታው ይህን ሁሉ ያደረጉት ከሹመት በተነሡባት በአንዲት ሌሊት ነው? ወይስ በሹመት ላይ እያሉ ሲያደርጉ የሚታወቅ ነገር ነበር? የመጀመሪያው አይታመንም፤ ሁለተኛው ደግሞ ዐቃቤ ሕግን የሚያስጠይቅ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። ሕወሓት በ1993 ሲሰነጠቅ ከተሸነፈው ወገን መሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተያዙ። ወጣቷ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ማስረጃውን አይታ ዋስትና ፈቀደች፤ ፖሊስ ሰውየውን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ መልሶ ያዛቸው። ወዲያውም በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ በምክር ቤት ወጣ። ለአንድ ሰው ሲባል ሕግ የወጣበት ዘመን ነበር ብል ማንም የሚቃወመኝ አይመስለኝም። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ታሰሩ። ዳኛዋ ደግሞ ወደ ፖለቲካ ገብታ በ1998 ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰረች፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፤ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጣች፤ በ2001 ይቅርታው ተሰርዞ ተመለሰች፤ በመስከረም 2003 ተፈታች፤ በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። የአንዲት ሴት ሕይወት ብቻውን የዚህችን አገር የፍትሕ ታሪክ ይናገራል። የዕድሜ ልክ ፍርደኛዋ ሕዝብ ድምፅ የሚሰጥበትን ሳጥን እንድትጠብቅ የተሾመችው ፍርዱ ስሕተት ነበር ተብሎ በፍርድ ቤት ተሽሮ አይደለም። ፖለቲካው ተለወጠ፣ የእሷም ቦታ አብሮ ተለወጠ።

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ፣ ወደ መፈታቱ። ስለ አድልዎ ስናወራ ሁልጊዜ የምናየው እስሩን ነው፤ እኔ ግን ከእስሩ ይልቅ አፈታቱ ነገሩን የሚያጋልጥ ይመስለኛል። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ በግንቦት 2005 በሙስና ተያዙ። ክሳቸው ዓመታት ወሰደ። በ2010 አዲስ አመራር ሲመጣ ክሱ ተነሣና ወጡ። ሰውየው በደሉ ወይስ ተበደሉ? ማንም አያውቅም። ጥፋተኛ ከነበሩ የሕዝብ ገንዘብ ተድበስብሶ ቀረ፤ ንጹሕ ከነበሩ አምስት ዓመት ገደማ ያለ አግባብ ታሰሩ። ከሁለቱ አንዱ ግዴታ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የነገረን ግን የለም።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2014፣ በገና ዕለት የሆነው ከዚህም ይብሳል። አቶ እስክንድር ነጋ፣ አቶ ጃዋር መሐመድና አቶ ስብሐት ነጋን ጨምሮ ብዙ እስረኞች ክሳቸው ተነሥቶ እንዲፈቱ ተወሰነ። የተሰጠው ምክንያት ለብሔራዊ ምክክሩና ለአገራዊ መግባባት ሲባል የሚል ነበር። እኔ መፈታታቸውን አልቃወምም። ግን ይህን ልብ በሉ፦ ለአገራዊ መግባባት ሲባል የሚፈታ ሰው፣ ለምን ሲባል ታስሮ ነበር? ወንጀሉ ያን ያህል ከባድ ከነበረ የሟች ቤተሰብ ሳይጠየቅ እንዴት ተፈቱ? ከባድ ካልነበረስ ለምን ያን ያህል ጊዜ ታሰሩ? መንግሥት በአንድ ቀን መግለጫ የዐቃቤ ሕጉን የዓመታት ሥራ ከንቱ ሲያደርገው፣ «ክሱ ከመነሻውም የፖለቲካ ነበር» የሚለውን ክርክር ከተከሳሾቹ ጠበቆች በላይ ያስረዳው ራሱ መንግሥት ነው።

ጎጃም ይህን ትምህርት የጀመረው ግን ከኢሕአዴግ አይደለም። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ልጅ ኢያሱ ከእስር በማምለጣቸው ጉዳይ እጅህ አለበት ተብለው ተያዙ፤ ሀብታቸው ተወረሰ። እጃቸው ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው የታሪክ ጸሐፊዎች ጉዳይ ነው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነበር፤ ጎጃም ከተክለ ሃይማኖት ቤት እጅ ወጥቶ ለራስ እምሩ ተሰጠ፤ ማዕከላዊው መንግሥት ሲመኘው የኖረውን አገኘ። ክሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥቅሙም እውነት ነው።

ጣልያን ሲመጣ ራስ ኃይሉ ከወራሪው ጋር ወገኑ። በላይ ዘለቀ ደግሞ በረሃ ገባ። አባ ኮስትር በቢቸናና በአካባቢው ጣልያንን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣ። ነጻነት ሲመለስ ደጃዝማች ተባለ፣ ቢቸናን እንዲገዛ ተሰጠው፤ ከበላዮቹ ጋር አልስማማ ሲል ተይዞ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት፤ ለማምለጥ ሞክሮ ተያዘና በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ራስ ኃይሉ ግን እዚያው አዲስ አበባ በቁም እስር ቢቀመጡም ዕድሜያቸውን ጠግበው ዐረፉ። በላይ አላመፀም፣ አላመለጠም የሚል ሰው የለም። የጎጃም ሰው እስከ ዛሬ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ለአርበኛው ገመድ የተገኘበት ሕግ፣ ለባንዳው ለምን ጠፋ? ሰማንያ ዓመት ያለፈው ቁስል የማይሽረው ለዚህ ነው። ስለ ጥፋቱ ክርክር የለም፤ ስለ ሚዛኑ ነው።

እዚህ ላይ የዛሬውን ጎጃም ሳላነሣ ባልፍ ያሳፍራል። ስም ያለው ሰው ሲታሰር ቢያንስ ጋዜጠኛ ይጠይቃል፣ ፓርቲው መግለጫ ያወጣል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአማራ ክልል በጅምላ የታሰሩት ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ስም የሌላቸው ናቸው፤ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መምህር፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ ሳይቀር። ዳንግላ ካምፕ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው አንቀጽ 19 ለእሱም እንደተጻፈ ማን ይንገረው? በጫካ ያለው ወገንም ቢሆን የተሻለ ችሎት አላቆመም። የወረዳ ሹም ነው፣ መረጃ አቀባይ ነው ያለውን ሲቀጣ ጠበቃ የለ፣ ይግባኝ የለ። በሁለቱም በኩል የቀረው ከማን ጋር ነህ የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

ችግሩ የት ነው? ክፉ ዐቃቤ ሕግ በዝቶ አይመስለኝም። ከአዋጁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲቋቋም ነጻ ተቋም ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ተመልሶ ፍትሕ ሚኒስቴር ሆነ። ሚኒስትሩ የካቢኔ አባል ነው። ሰኞ ዕለት አብሮት በስብሰባ የተቀመጠውን ባልደረባ ማክሰኞ ሊከስስ ይገባዋል ማለት ነው፤ የሾመው ሰው ደግሞ በማንኛውም ቀን ሊያነሣው ይችላል። ክልል ላይም እንዲሁ ነው፤ የፍትሕ ቢሮ ኃላፊው የርእሰ መስተዳድሩ ካቢኔ ውስጥ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ወንበር ላይ መልአክ ብታስቀምጡ እንኳን ሥልጣን ላይ ያለውን ከመክሰስ የወረደውን መክሰስ ይቀለዋል። ፖሊስም የድርሻውን ይጨምራል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ምርመራ ላልተጠናቀቀበት ሰው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ ቀጠሮ ይፈቅዳል፤ ስንት ጊዜ የሚለውን ግን ስላልወሰነው 14 ቀኑ ይደጋገማል። ብዙ ጊዜ ቅጣቱ ራሱ ቀጠሮው ነው። ቴሌቪዥን ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። በኅዳር 2011 የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) የቀድሞ ኃላፊ ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው ሲያዙ እጃቸው ታስሮ ከሄሊኮፕተር ሲወርዱ አገር በሙሉ አይቷል፤ ዘጋቢ ፊልሙም ከክሱ በፊት ተላልፏል። ከዚያ በኋላ የተሰየመ ዳኛ ምን ቢወስን ማን ያምነዋል?

ዐቃቤ ሕግ ከካቢኔ ይውጣ፣ ለተወሰነ ዘመን ይሾም፣ ምክር ቤት ብቻ ያንሣው የሚለው የቆየ ጥያቄ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ግን ያ ዛሬ የሚሆን አይደለም፤ ዛሬ ሊሆን የሚችል ትንሽ ነገር አለ። የሕዝብ ኃላፊነት ያለው ወይም የነበረው ሰው ሲከሰስ፣ ዐቃቤ ሕጉ ከክሱ ጋር ምክንያቱን በጽሑፍ ያያይዝ፦ ጥቆማው መቼ ደረሰው፣ ምርመራው መቼ ተጀመረ፣ በዚሁ ድርጊት አብረው የተጠቀሱት ሌሎች ሰዎች ለምን ተከሰሱ ወይም ለምን ቀሩ። ክሱን ሲያነሣም እንዲሁ፦ ማስረጃው ስላልበቃ ነው? ወይስ ማስረጃ እያለ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል? የሕዝብ ጥቅሙስ ምንድን ነው? ዳኛውም ይህን ወረቀት ሳያይ መዝገቡን አይክፈት፣ አይዝጋም።

ዐቃቤያነ ሕግ ይህን ሲሰሙ የምርመራ ምስጢር ይወጣል ይሉ ይሆናል። ቀን መጻፍ ምስጢር አያወጣም። «ጥቆማ የደረሰን በዚህ ዓመት በዚህ ወር ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር የማንንም ምስክር ሕይወት አደጋ ላይ አይጥልም። ምናልባት የሚያሳፍረው ሌላ ነገር ነው፤ ጥቆማው ከደረሰ አራት ዓመት ሆኖት፣ ክሱ ግን ከፓርቲው ስብሰባ በኋላ በሳምንቱ የተከፈተ እንደሆነ ቀኑ ያጋልጣል። የሚያጋልጠው ከሌለ ደግሞ ወረቀቱ ለዐቃቤ ሕጉ ራሱ ከሁሉ የበለጠ መከላከያ ይሆነዋል፤ «ከማን ተጣላ?» ለሚለው ሰው መልስ ይኖረዋልና።

ለዚህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም፤ አዲስ አበባን መጠበቅም አያስፈልግም። የአማራ ክልል የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ፍትሕ ቢሮና የራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለው፤ ሦስቱም ባሕር ዳር ላይ ናቸው። በክልሉ ሥልጣን ሥር ለሚወድቁ ጉዳዮች ይህን በራሱ ሕግ መጀመር ይችላል። ለእያንዳንዱ መዝገብ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ነው።